ፌስታል ያበበበት ግራር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከማለዳ ጀምሮ ማግ ማስገባት፣ በማበጠሪያ መምታት፣ እንደገና ማስገባት። ትከሻዬ ሞቷል። ግን ማስታወሻዬ፣ የስጋጃዬ ሰማይ ሊያልቅ ነው! ብታዪው። ቀይ ሜዳ፣ ከበስተጀርባ የከተማው መንታ ኮረብቶች፣ ከፊት አንድ የእሾህ ግራር። ግራሩ ላይ ሮዝ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ ፌስታል ተንጠልጥሏል። እውነተኛ ፌስታል ነው። በበርበራ መንገድ ዳር ካሉት እሾሆች ላይ ራሴ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በቀጭኑ ሰንጥቄ ከሱፉ ጋር የሸመንኩት። ሰማዩም ግማሹ ፌስታል ነው፤ ለዚያ ነው እንደ ቀትር የሚያብረቀርቀው።

ሳጥበው እቴነሽ አይታኛለች። እንደኔ ከአገር ቤት የመጣች ናት፣ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። «አ.አ. ሥነ ጥበብ ት/ቤት ገብተሽ የተማርሽው ቆሻሻ ማጠብ ነው? እናትሽ እንዳይሰሙ!» ሳቋ እስከ ጎረቤት።

ሳህራ ግን አልሳቀችም። ሠዓሊዋ እሷ ናት፣ የዚሁ አገር ሰው፣ ስቱዲዮው የሷ፣ ሱፉም የሷ። እሷ ትሥላለች፣ እኔ ሥዕሏን ወደ ግድግዳ ስጋጃ እለውጣለሁ። ይሄኛው ግን የሷ ሥዕል የለውም። ለንደን ልጆቿን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ራሴ ነድፌ ጀመርኩት። ስትመለስ ፌስታሉን ንቀዪው አለች፤ እኔ የምሥለው አገሬን ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። አልነቅልም አልኳት። አገርሽ ላይ ያለውን ነው የሸመንኩት አልኳት። እንድነቅለው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥታኛለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት 10:00

ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

የናይሮቢው እንግዳ መጣ። ለኤግዚቢሽን ሥራ የሚመርጠው ሰውዬ። የሳህራን ሥዕሎች አየ፣ አደነቀ፣ አለፈ። የኔ ፊት ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው። የማን ሐሳብ ነው ብሎ ጠየቀ፤ በእንግሊዝኛ፣ ግልጥ አድርጎ።

ብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ የኖረ ነገር ነው አለች ሳህራ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እሁድ መጥቼ ይህን ይዤ እሄዳለሁ አላት።

እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ክር እጠቀልላለሁ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ሻይ አምጪልን አለችኝ።

አመጣሁ። ማስታወሻዬ፣ አመጣሁ! ይህን ስጽፍ ፊቴ ይነዳል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ተናገርኳት። ኤግዚቢሽኑ ላይ ከሥራው ሥር የሚለጠፈው ካርድ ላይ ስሜ ይጻፍ፤ ከስምሽ በታች ሳይሆን ለብቻው፣ ሥራው የኔ ነውና።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው፣ በስደት ዘመን እዚያ ነው ያደገችው። «ፍሬ፣ እህቴ፣ ቤት የሠራ ግንበኛ ስሙን በር ላይ ይጽፋል እንዴ?»

«ግንበኛውም ባለ ንድፉም እኔ ነኝ። አንቺ በዚህ ቤት እንግዳ ነሽ።»

ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ለስለስ ብላ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ሊታደስ ነው አይደል፣ ኢንሻአላህ እንደ ወትሮው እኔ እፈርምልሻለሁ አለች። ፈገግ ብላ። ይቺን ፈገግታ አልረሳትም።

ግፍ ነው። ግን እውነቱን ካንቺ አልደብቅም። ትኩሳት የጣለኝ ጊዜ በመኪናዋ ሆስፒታል ወስዳ ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ደግሞም ሥዕል ታውቃለች። ሼክ የሚባለውን ቦታ ገደል ንጋት ላይ የሣለችው አለ፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አስለቅሶኛል። እንዲህ የምትሥል ሴት የሰው ሥራ ምን ያደርግላታል? አይገባኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው ዝም ብሏል። ሱቅ ዝግ፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ።

ለእቴነሽ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ። አንገትሽን ደፍተሽ ኑሪ አለች፤ ፈቃድ ከሌለሽ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያቆምሽ ስጋጃ ልታሳዪው ነው? «ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ አንቺ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሽንኩርቱ ነው ትላለች። እሷም ያለ ሰው ዋስትና እንደማትኖር አውቃለሁ፤ ስለኔ ስታወራ ስለራሷም ነው።

ከሰዓት ሄጄ የመጨረሻዋን መስመር ጨረስኩ። ስቱዲዮው ውስጥ ማንም የለም። ረጅም ሰዓት ፊቱ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለሳህራ በስልክ ጻፍኩላት፦ አልቋል። ስሜ ካልተጻፈ ግን ከሽመናው ዕቃ ላይ አላወርደውም።

አንብባዋለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት 9:00

አልሄድኩም። ቤት ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ተኛሁ።

ደወለች። ድምፅዋን አላወቅኩትም።

ከሽመናው ዕቃ ላይ ልታወርደው ራሷ ቆርጣዋለች! መቀስ ይዛ፣ ከላይ በኩል፣ ድሩን ከዳር እስከ ዳር። ሲቆረጥ ሁለት ሁለቱን ድር ቶሎ ቶሎ መቋጠር አለ፤ ያለዚያ ማጉን የሚይዘው የለም። ሌሎቹን ስቆርጥ አይታኛለች፣ ግን መቀሱን ነው ያየችው። እነዚያ ደግሞ ሙሉ ሱፍ ነበሩ፤ ሱፍ ሱፍን ይነክሳል፣ እስክትደርሺለት ይጠብቅሻል። ፌስታል ማንንም አይጠብቅም። ያዳልጣል።

«ነይልኝ ፍሬ! እየፈሰሰ ነው፣ ወላሂ እየፈሰሰ ነው!» ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነው የምታወራው። እንግዳው ነገ ጠዋት 3:00 ሊወስደው ይመጣል።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፣ ጻፊው። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ሰማዬ ታየኝ፣ ክር በክር ሲወርድ።

ትናንት አንገትሽን ድፊ ያለችኝ እቴነሽ አልጋው ላይ ተነሥታ ቆማለች። «ይፍረስ! እሰይ! ይናድባት! እንዳትሄጂ ብያለሁ!»

ከእንግዲህ አትንኪው አልኳት ለሳህራ። መሬት ላይ ዘርግተሽ ጫፉ ላይ ብርድ ልብስ ደርቢበት፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጫኚ። እመጣለሁ፤ ነገ፣ ሰውዬው ሲመጣ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ለመነችኝ። ዘጋሁት።

እሁድ፣ ኅዳር 14። ጠዋት 2:00

እንቅልፍ የለም። ወስኛለሁ።

እንዲፈርስ ብተወው የሷ ነው ብዬ እንደ መፈረም ነው። የሰው ቢሆን ይፍረስ እላለሁ። የኔ ስለሆነ አይፈርስም።

ሰውዬው ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ እቋጥረዋለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር። እየቋጠርኩ እነግረዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ፦ የነደፍኩት እኔ፣ ፌስታሉን የለቀምኩት እኔ፣ የሸመንኩት እኔ። ሳህራ የፈለገችውን ትበል። ስሜን ከጻፉ ይጻፉ። ካልጻፉም የመጨረሻዋን ቋጠሮ ጨርሼ እነሣለሁ፤ ፈቃዱን ለማን እንደምትፈርም እሷ ታውቃለች። ልብሴን ሸክፌያለሁ። ወደ ድንበሩ፣ ወደ ወጃሌ የሚሄድ መኪና እስከ ቀትር አይጠፋም።

እቴነሽ ሥራዋን ትታ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላለች። ቋጠሮ ታውቂያለሽ ወይ ብላት፣ መሳደብ አውቃለሁ አለችኝ።

ሳህራ ሦስተኛ ጊዜ እየደወለች ነው። አላነሣም። መኪና ልካ ደጅ ጡሩምባ ይነፋል። በእግሬ ነው የምሄደው። እቴነሽ ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፍታ ቆማለች፣ ተነሺ እንጂ፣ አሁንም ትጽፊያለሽ እያለች ነው፤ እኔም መነሣቴ ነው።