ከክርስትናው ገንዳ ያልተለዩት የአቶ ዋሴ ደረበ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋሴ ደረበ ከአባታቸው ከአቶ ደረበ አድማሱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ታይቱ ጀምበሩ በሳንጃ አካባቢ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደገሙ። የቀለም ትምህርቱን ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ ገታ አድርገው፣ አንበሳ ያባረረውን ግመል በሩጫ ቀድመው ቆላ ወረዱ ይባላል። ያላመነ ሸሕዲ ከተማ ገብቶ ይጠይቅ።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዝናሽ አሸናፊ ጋር በተክሊል ተጋብተው በመተማ ቆላ ሰሊጥ እያረሱ ኖሩ። በ1979 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የበኩር ልጃቸው ታመመች። ሰማንያ ቀኗ ገና ቢሆንም የጊዜው ቄስ ነፍሷ ሳትወጣ አምጧት ብለው፣ በግራር ውሃ ኪዳነ ምሕረት የክርስትናውን ገንዳ ሞልተው ጠበቁ። ገንዳው የጥንት ሰፋሪዎች ከደጋ በግመል ያመጡት፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። አቶ ዋሴ ግን የደረሰ ሰሊጥ ካደረ ይረግፋልና ይቺን ማሳ ልጨርስ አሉ። ሲጨርሱ ልጃቸውን አቅፈው ሮጡ፤ ደጀ ሰላሙን ሲረግጡ እቅፋቸው ውስጥ ዐረፈች። ያልተጠመቀ ከአጸዱ አይገባምና፣ የክርስትና ስም ሳይወጣላት ከቅጥሩ ውጭ ተቀበረች።

ከዚያ ወዲያ ማጭድ አልጨበጡም። ለገንዳው ውሃ ቀጂ ሆነው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር ግን ባዶው ገንዳ ያለቅሳል። ለአጨዳ የመጡ የጎጃም ልጆች ድመት መስሏቸው ገንዳው ወዳለበት ክርስትና ቤት ዱላ ይዘው ገቡ፤ ዱላውን ጥለው ወጡ። አጥቢያው በሲሚንቶ ገንዳ ልተካው ብሎ ድንጋዩን በትራክተር ሲያስጭን ለቅሶው ከሞተሩ በለጠ፤ ሾፌሩ ሙኽታር ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በእግሩ የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ገላባት ገባ። ድንጋዩም ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ ዋሴ ብቻ ጎንበስ ብለው፣ «እሺ የኔ እናት፣ መጣሁ» ይሏት ነበር።

ዘንድሮ ካላዛር ጠንቶባቸው ጎንደር ድረስ ቢታከሙም አልተሻላቸውም። ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ገንዳው ውሰዱኝ ብለውን በባጃጅ ወሰድናቸው። ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ቆዩና ለባለቤታቸው አንድ ስም አንሾካሾኩላቸው። በዚያው ቀን ዐረፉ።

ወ/ሮ ዝናሽ ስሙን ለማንም አልተነፈሱም። ሕፃኗ በፍትሐቱ ላይ ከአባቷ ጋር ትታሰብ ብለን ብንለምን፣ የአሁኑ የአጥቢያችን ካህን ቄስ ማዕረግ፣ ስም የሌላትን ማን ብዬ ልጥራት ብለው እምቢ አሉን። ዛሬ ማለዳ ግን ቄሱ ከክርስትና ቤቱ ላብ አጥምቋቸው ወጡ።

«ወለተ ጻድቅ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

ወ/ሮ ዝናሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

አቶ ዋሴ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ውባንተንና መቅዲን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ትተው አልፈዋል። ፍትሐቱ ዛሬ በሁለት ስም ይደርሳል። ኪዳነ ምሕረት አባትና ልጅን በአንድ ጥላ ታሳርፍልን። አሜን።