በዝግ መስኮት ሥር

መጋቢት 12

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

ውድ እትዬ፣

ከዚህ በላይ ማለሳለስ አልችልበትም። ሌላ ከተማ የአንድ ዓመት ሥራ አገኘሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። የትም አልሄድኩም። ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ወደ ቤትሽ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ የሆስፒታል ጋውን እሰፋለሁ። የምደበቀው ካንቺ ስለሆነ መራቅ ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም።

የመስኮቴ መስታወት ከውጭ አያሳይም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ስታልፊ አይሻለሁ። አንዳንድ ቀን መስታወቱ ፊት ቆም ብለሽ ፀጉርሽን ታስተካክያለሽ። የስፌት መኪናውን አቁሜ ትንፋሼን እውጣለሁ። በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም። ባለፈው ሳምንት ጥርስሽ ውስጥ የገባ ነገር በጥፍርሽ ስታወጪ ሳቄ አመለጠኝ። ማታ ድረስ ያንን የማወራለት ሰው አጣሁ።

የልጁን አባት አትጠይቂኝ። እሱም ስለ ልጁ አልጠየቀም።

ሦስተኛውን ፅንስ ሲያስወርድሽ አንሶላሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። «ከእንግዲህ እርጉዝ ሴት እዚህ ቤት እንዳትገባ» ስትይ ሰምቻለሁ። ለጎረቤትሽ ነበር ያልሽው፤ እኔ ግን ይዤው ቀረሁ። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ሳልለምን የመጣልኝን ሆድ ይዤ እንዴት ፊትሽ ልቁም?

ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ ነበርኩ። ከሁለት ወር በፊት ቫይታሚን ዲዬ አሥራ አንድ ነበር። ቢያንስ ሃያ መድረስ ነበረበት። ዛሬ አሥር ሆኗል። አዋላጇ ወረቀቱን አየት አድርጋ እኔን አየችኝ።

«የሰጠንሽ ክኒንስ?»

«ያቅለሸልሸኛል። ፀሐይ ይበቃኛል ብዬ ተውኩት።»

«ትሞቂያለሽ?»

«በየቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ግማሽ ሰዓት።»

«የት?»

«መስኮቴ ሥር።»

«ተከፍቶ?»

«ተዘግቶ።»

«ውይ እናቴ! ታዲያ የሞቀው መጋረጃሽ ነው። መስታወት ሙቀቱን እንጂ የሚጠቅመውን ጨረር አያሳልፍም።» ሳቀች፤ ወዲያው ግን ተወችው። ሕፃኑ አጥንቱን የሚሠራው ከእኔ እየወሰደ እንደሆነ ነገረችኝ። የደም ግፊቴም ከፍ ብሏል፤ በየሳምንቱ ይለካል አለች። «ደጅ መውጣት ምን ያቅትሻል?»

«እህቴ በዚያ ሰዓት ታልፋለች» አይባልም።

ከዚያ ቅጹን ገለጠች። «የቅርብ ሰው» በሚለው ሥር ያንቺን ስልክ ጽፌ ነበር።

«ምጥ ድንገት ቢመጣ የምንደውለው ለእሷ ነው። ታውቃለች?»

«እነግራታለሁ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኛል።» እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ልደውልላት? አሁን?»

«አይሆንም። ከእኔ ትስማ።»

ይኸው መንገድሽ ዳር ያለው ፋርማሲ ተቀምጬ የምጠጣው ጠብታ እስኪሰጡኝ እጽፍልሻለሁ። ቁጥሬ ሠላሳ አራት ነው፤ ሃያ ሰባት ተጠርቷል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ፈተና ላይ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ከፈተናም ይብሳል፣ አባባ።»

«እንግዲያው አትኮርጂ» ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩልኝ።

በፖስታ ልልክልሽ ነበር ያሰብኩት። ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሦስት ቀን ልደበቅ ነበር። አሁን ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፤ ደብተር ታቅፈሽ በማዶ ስትመጪ ይታየኛል። ጫማሽ የጠበበሽ ይመስላል፣ ታነክሻለሽ።

ሠላሳ ሦስት ተጠራ። ለሽማግሌው ቁጥሬን ሰጠኋቸው። «ተራሽ ደርሶ የት ነው?» ይሉኛል። እመለሳለሁ አልኳቸው።

ብታልፊኝም አልቀየምሽም። ወረቀቱን ግን ተቀበይኝ።

ታናሽሽ፣
መንገዱን እየተሻገርኩ