የጠፋው ድሮን እና የሴቶቹ ቪዲዮ

እሑድ

ጠፋ። ዓይኔ እያየ ጠፋ። «ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ፣ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ኤረር በር ነጎደ። ምስሉ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ሙሽራውን ያጀቡት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም።

ድሮኑ ይጥፋ። አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩም።

የጀጎል እናቶች ለሠርግ እኔን የሚጠሩኝ ሴት ስለሆንኩ ነው። ሐረር ውስጥ ከኔ የተሻለ የሚቀርጽ ወንድ ሞልቷል፣ ሴቶቹ ዘንድ ግን አይገባም። ትናንት የሙሽራዋ የነጃት የሴቶች ቀን ነበር። ሻሽ ወለቀ፣ ፀጉር ተፈታ፣ አክስቶቿ ሳይቀሩ ወገባቸውን አስረው ጨፈሩ። ካሜራውን ከማውጣቴ በፊት የሙሽራዋ እናት ሐጃ ሩቂያ እጄን ያዙና «ይሄ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ትዕግሥት። ከነጃት እጅ አይወጣም። የወንድ ዓይን አያየውም» አሉኝ። በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

ማታ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጠው ነበር፣ እኔ የምኖርበት ሐኪም ጋራ ሠፈር መብራት አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የድሮኑን ሚሞሪ ካርድ ቤት ረስቼ መጣሁ። ሙሽራው ደርሷል፣ ሰው ይጮኻል። የካሜራዬን ሚሞሪ መዝዤ ድሮኑ ውስጥ ከተትኩት። «ለአንድ በረራ ነው» አልኩ ለራሴ።

እነዚያ ሁሉ ሴቶች አሁን የማን ጣሪያ ላይ እንደወደቁ አላውቅም።

ግቢው ጥግ ላይ ሳለቅስ ሐጃ ሩቂያ አገኙኝ። «ለዕቃ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ያ ረቢ! አላህ ይተካዋል» አሉኝ። «ውድ ነው» አልኳቸው።

ሰኞ

ከነጋ ጀምሮ ከአምራቹ ድርጅት ጋር እየተጻጻፍኩ ነው። መጀመሪያ የሚመልሰው ማሽን ነው። «ስላጋጠመዎት ችግር ከልብ እናዝናለን» ይላል፣ ምን እንዳጋጠመኝ ሳልነግረው። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ነፋስ ነበር? ዝናብስ? ፕሮግራሙ ታድሷል? በአካባቢው ትልልቅ አዳኝ ወፎች አሉ?

ወፍ የመታው ድሮን በዋስትና አይተካም ይላል ከሥር። ሐረር ነው ያለሁት። ሥጋ ተራ ላይ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቅበት ከተማ። «የሉም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም ሣቅሁ፣ ሐረር ያደገ ሰው ቢያነበው ምን ይለኛል።

ቀጥሎ የበረራውን መረጃ ላኪ አሉኝ። ረጅም ጽሑፍ መጣ፣ ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል አለ። ሳላነብ ተጫንኩት።

የራሴን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁት። ያገኘው ሰው ሚሞሪውን መክፈት ይችላል ወይ? «ሚሞሪ ካርድ በዋስትናው ውስጥ አይካተትም» የሚል መልስ መጣ። መቼ ተኩልኝ አልኩ!

ስልኬ ላይ ድሮኑ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ በነጥብ ይታያል። ከኤረር በር ገባ ብሎ እማማ ዘይነባ የሚባሉ እናት ግቢ ነው። ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው በክፍተቱ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ደስ የማይል ነገር ነበር።

«ምንም አልወደቀም፣ ልጄ።»

ነጥቡ አንዳንዴ ይስታል ይባላል። ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

የነጃት ወንድም ሪድዋን ጓደኞቹን ሰብስቦ ጣሪያ ለጣሪያ ሲፈልግ ዋለ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሑድ ዕለት ፊት ለፊቱ አለቀስኩ፣ እሱም አዘነልኝ። ከምንም በላይ እንዳያገኙት የምፈራቸውን ሰዎች በገዛ እጄ ጣሪያ ላይ አወጣኋቸው።

«አቦ ቲጂ፣ አታስቢ! እናገኘዋለን» አለኝ ከላይ ሆኖ። አንዱ ጓደኛው ደግሞ «ካገኘነው ግን ቪዲዮውን አይተን ነው የምንሰጥሽ!» ብሎ ተሳለቀ። ሁሉም ሣቁ፣ እኔም አብሬያቸው ሣቅሁ።

ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ድሮን የሚለው ቃል ራሱ ዘንድሮ ሰው ያስደነግጣል፣ አንድ ሽማግሌ ቆመው «የሚተኩሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሠርግ ነው አልኳቸው። ከጥፋቱ አንፃር ሳስበው ልዩነቱ ብዙ አልመሰለኝም።

አላገኙትም። ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው አልኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ምግብ አቅርባ ጠበቀችኝ። «ዕቃ ነው፣ ይተካል፣ ብዪ» አለችኝ። በእሷ ስም እንደማልኩ ብታውቅ ኖሮ።

ረቡዕ

ድርጅቱ መለሰ። ሰው ነው የጻፈው፣ ስሟን ሊሊ ብላለች። መረጃውን መርምረዋል፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ አቅጣጫ የሚያሳየው ክፍል ተበላሽቶ ነው፣ በሌሎች ደንበኞችም ላይ ደርሷል። ይቅርታ ይጠይቃሉ። አዲስ ድሮን በነፃ ይልካሉ።

መዝለል ነበረብኝ። ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚለውን መልሼ መልሼ አነበብኩት፣ ባነበብኩት ቁጥር የባሰ ከበደኝ። ሊሊ የምታውቀው ድሮኑን ነው። ሚሞሪውን ማን እንደከተተው አታውቅም።

መልሼ ጻፍኩላት፣ ውስጡ የሰው ገመና አለ፣ ምን ላድርግ ብዬ። ማሽኑ መለሰልኝ፦ «ጉዳይዎ በደስታ ተፈትቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል።» በማን ደስታ?

ከሰዓት ነጃት ከአዲሱ ቤቷ ደወለች። ድምፅዋ ገና የሠርግ ነው። «የሴቶቹን መቼ ነው የምናየው? የኡሚን ጭፈራ ሳላየው ልሞት ነው!» ኡሚ የምትለው እናቷን ነው።

«እያስተካከልኩት ነው» አልኳት። ውሸቴ እየቀለለኝ መጣ። ይሄ ደግሞ ያስፈራኛል።

ሐሙስ

ሐጃ ሩቂያ አስጠሩኝ። አውቀዋል ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ የአፎቻቸው ሴቶች፣ በደስታም በሐዘንም የሚረዳዱት የሠፈሩ እናቶች፣ በደረጃ የተሠራው መደብ፣ ነደባው ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ተቀምጠዋል። እማማ ዘይነባም ጥግ ላይ አሉ።

ሐጃ ሩቂያ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ፊቴ አስቀመጡ።

«ያንቺ ዕቃ የጠፋው በኛ ሠርግ ነው። በኛ ደስታ አንቺ ማልቀስ የለብሽም። ሁሉም የቻለችውን አድርጋለች። ያዢ፣ አቦ!»

እነዚህ ሴቶች ለዕቃዬ አዋጥተዋል። ዕቃዬን ድርጅቱ ተክቶልኛል። ያላለቀስኩለትን ነገር ነው የሚያጽናኑኝ። እጄን ልዘረጋ ሞከርኩ፣ እውነት ነው፣ ሞክሬያለሁ፣ ይሄንንም ልጻፈው። እጄ አልሄደም።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሚሞሪውን፣ መሐላዬን፣ ወንዶቹን ጣሪያ ላይ ማውጣቴን።

ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም፣ ግን አንዷ ሻሿን ጎተት አድርጋ ግንባሯን ሸፈነች። እሷን ተከትላ ሌላዋም ሸፈነች። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጆቼ ያንን ሲፈልጉ ቆመሽ አየሽ?» አሉኝ ሐጃ ሩቂያ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አዎ።»

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ።»

ያኔ ከጥግ እማማ ዘይነባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ጋ ነው» አሉ።

ሁሉም ዞረ። እሳቸው እሑድ ዕለት ፀጉራቸውን ሊታጠቡ ግቢያቸው ውስጥ ሻሻቸውን ፈተው ተቀምጠው ነበር። ከሰማይ እየጮኸ መጣ፣ እግራቸው ሥር ወደቀ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «ዓይን አለው። አየኝ ወላሂ! ወንዶቹ መጥተው ሲጠይቁኝ እንዴት አውጥቼ ልስጥ? አንቺም ስትመጪ ከማን እንደሆንሽ በምን አውቃለሁ? በሻሼ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።»

አንዷ ሣቀች፣ ከዚያ ብዙዎቹ። ሐጃ ሩቂያ አልሣቁም።

ዓርብ

ሴቶቹ የመረጡት ሰዓት የጁምዓ ሶላት ነው። ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲገባ እኛ እማማ ዘይነባ ቤት ገባን። ሻሹ ተፈታ። የድሮኑ አንዱ ክንፍ ተሰብሯል። ሚሞሪው ቦታው ላይ አለ፣ ማንም አልነካውም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

እማማ ዘይነባ መጀመሪያ የጠየቁኝ የራሳቸውን ምስል ነው። ይዤው በመጣሁት ኮምፒውተር የመጨረሻውን ቅጂ ከፈትኩ። ጣሪያዎቹ ይዞራሉ፣ አንድ ግቢ እየቀረበ ይመጣል፣ መሃሉ ላይ እማማ ዘይነባ፣ ሂና የገባበት ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ፈሶ ወደ ላይ አንጋጠዋል። ብዙ ጊዜ አዩት። «እንዲህ ነኝ ለካ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁት። «መጥፋቱን አሳዪኝ።» አሳየኋቸው።

የሴቶቹን ቀን ነጃት ባመጣችው ፍላሽ ገልብጬ ከኔ ጋ የነበረውን ዓይናቸው እያየ አጸዳሁ። ነጃት ሁሉንም ሳመች፣ እኔን ዘለለችኝ። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ልሄድ ስነሣ እማማ ዘይነባ «ዕቃውን የሠሩት ሰዎችስ? ምስሉ እነሱ ጋ አልሄደም?» አሉኝ።

«እስማማለሁ» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«አላውቅም፣ እማማ። ሳላነብ የላክሁት ነገር አለ። እጠይቃለሁ።»

ቤት ደርሼ ለሊሊ ጻፍኩ። ድሮኑ ተገኝቷል፣ አዲሱን አትላኩ። ወፍ የለም ያልኩት ውሸት ነው፣ ጭልፊት ሞልቷል። የምፈልገው አንድ መልስ ነው፣ ምስሉ እናንተ ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ቅዳሜ

መለሰች። ስለ ቅንነቴ ታመሰግናለች፣ የአዲሱ ድሮን ጉዳይ ወፎቹ ታስበው እንደገና ይመረመራል። ይመርመር። ከሥር ደግሞ ይሄ አለ፦ የላክሁት መረጃ ከፍታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ምስል የለበትም።

ሮጬ ሄድኩ። ሐጃ ሩቂያ ከእማማ ዘይነባ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልኩን አውጥቼ መስመር በመስመር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ዘይነባ። ቀጥለው ግን «ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃቸውም።»

«ታምኛቸዋለሽ?»

«ያለኝ ቃላቸው ብቻ ነው» አልኩ።

ሐጃ ሩቂያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኛም የነበረን ያንቺ ቃል ነበር» አሉ።

ጫማዬን አደረግሁ። ሐጃ ሩቂያ ተነሥተው እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። ሌላ ጊዜ ስሸኝ «መቼ ትመጫለሽ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ አላሉኝም። መታጠፊያው ጋ ደርሼ ዞር ስል ግን በሩ ላይ ቆመው ነበር።