ፓስፖርቷ ከግፊት መለኪያው ጋር ስለሄደባት እሙሽ

ለክቡር ዶክተር ከሊል
የከፍተኛ ግፊት መለኪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ
ጃል ኤል ዲብ፣ ባሕሩ የሚታይበት አራተኛ ፎቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለማዳምና ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት ለነበረችው ድመታችሁ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ እሙሽ ታነብልዎታለች። ለጊዜው የትም አትሄድም።

የመጽሔት አንባቢዎቼ ነገሩን እንዲይዙልኝ ትንሽ ላውራላቸው፣ ይፍቀዱልኝ። ዶክተራችን የሚመሩት ላቦራቶሪ ባሕር ማዶ ካለ የሌላ አገር ላቦራቶሪ ጋር «የእኔ ግፊት ከአንተ ግፊት ይስማማል ወይ?» እየተባባለ ነው። አንድ መለኪያ በሣጥን ታሽጎ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም ይለካበታል። ውጤቱ ከተስማማ ሣጥኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካልተስማማ እንደገና ይጀመራል። እሙሽ ደግሞ እዚህ ዐረብ አገር የቤታቸው ሠራተኛ ናት፤ ውሏ አልቆ፣ ለእህቷ ሠርግ ለመድረስ ሻንጣዋን ሸክፋ የተቀመጠች። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማዳም የእሙሽን ፓስፖርት ከራሷ ከእሙሽ ለመደበቅ ሲያስቡ፣ በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ ቁልፉ አስተማማኝ የሆነውን መምረጣቸው የሚደነቅ ነው። ዕቃው ግን ለጉዞ ተዘጋጅቶ ሳሎን የተቀመጠው የመለኪያው ሣጥን ነበር። የላቦራቶሪው ሾፌር መጥቶ ወሰደው፤ ፓስፖርቱ ያለ እሙሽ በአውሮፕላን ሄደ። አሁን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ነው አሉ። እሷ በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ትተኛለች።

ሁለተኛ፣ ፓስፖርቱን እንዲልኩላት ለዚያኛው ላቦራቶሪ አንድ መስመር እንዲጽፉ ስትለምንዎ የሰጧት መልስ፣ የሳይንስ ሰው ሕሊና ምን እንደሚመስል አስተምሮናል። ሁለቱ ላቦራቶሪዎች ውጤታቸውን ሳያስረክቡ መጻጻፍ የለባቸውም፤ ያኒ፣ ማለትም፣ ተቀዳድተው የመለሱ ይመስላል። ስለዚህ እሙሽ ለንጽጽሩ ንጽሕና ሲባል ትቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ፓስፖርት የሌላት ሰው መንገድ ላይ ብትያዝስ ብለው ተጨንቀው በሩን ከውጭ ስለሚቆልፉላት ከልብ እናመሰግናለን። እሑድ ለጸሎት ናባዓ ሰፈር ወዳለው የኪራይ አዳራሻችን መምጣት ስላልቻለች የጸሎት ርእሷን በድምፅ ላከችልን። የሚመራን ወንድም ጌታነህ ከታመሙትና የመኖሪያ ፈቃድ ካለቀባቸው ቀጥሎ «ለሁለቱ ላቦራቶሪዎች ስምምነት!» ብሎ አወጀ፤ ጉባኤው በሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ግፊታቸውን አስማማ!» እያለ ተንበረከከ። በሳምንቱ ውጤቱ አሁንም አልተስማማም ተባለ። ሠርጉ ግን ቀኑን አይለውጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ባለፈው ለእንግዶችዎ ስለ መለኪያው ሲያጫውቱ፣ ከባድ ግፊት ከተጫነበት በኋላ ወደ ዜሮ ወርዶ ማረፍ እንዳለበት፣ ተጭኖ ከቆየ እንደሚበላሽ ተናግረው ነበር አሉ። እሙሽ የታቡሌ ሰላጣውን ይዛ ቆማ ሰምታዎታለች። በማግስቱ ስልክ ላይ ሹክ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ፌቪዬ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔንም እንደ ዕቃው ይቁጠሩኝ በያቸው።» ይኸው ብያለሁ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ቁልፉን ለያዘው እጅዎ ብርታትን እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ ፌቨን
ናባዓ፣ በሩ ከውስጥ ከሚከፈት ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጻጻፍ የተከለከሉት ላቦራቶሪዎች እንጂ የመጽሔት ጸሐፊ አይደለችም ብዬ ለዚያኛው ላቦራቶሪ እኔው ጻፍኩላቸው። ስለ ግፊት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ፓስፖርቱን አግኝተው ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ኖሯል፤ ወዲያው በፈጣን መልእክት ላኩት፣ በእርስዎ አድራሻ፣ በእሙሽ ስም። የሚያመጣው ሰው እሷ ራሷ ፊቱ ቆማ ካልፈረመች አያስረክብም። ባለፈው ጋዝ አምጪው ሲያንኳኳ በቁልፍ ቀዳዳ ነበር ያነጋገረችው። ፓስፖርት ግን በቁልፍ ቀዳዳ አያልፍም፤ ለክቻለሁ።