እድላዊት እንዳታነብ

ጥር 4
ዛሬም ብርድ። ልብስ አጥቤ አልደርቅ አለኝ። ከምሳ በኋላ እድላዊትን ፊደል አስቆጠርኩ። ትምህርት ቤታችን በግጭቱ ከተዘጋ ወዲህ ተማሪዬ እሷ ብቻ ናት... ስድስት ዓመቷ። የወንድሜ የበፍቃዱ ልጅ። እናቷ በወሊድ ሞተች፣ እሱ ደሴ ገብቶ ሌላ አገባ፣ እኔ አሳደግኳት።
ከሀ እስከ ፐ ሳትተነፍስ ወረደችው። መሀል ላይ በስንደዶ ነክቼ "ይችስ?" ስላት ወዲያው መለሰች። ሃያ ዓመት አንደኛ ክፍል ሳስተምር እንዲህ የሚፈጥን አላየሁም። ደስ አለኝ።

ጥር 13
በፍቃዱ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ።
"እትዬ፣ ማንበብ ጀመረች?"
"ምነው?"
"እዚህ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት አግኝቻለሁ። ፈትነው ነው የሚቀበሉት። የምታነብ ከሆነ መንገድ ሲከፈት መጥቼ እወስዳታለሁ።"
እወስዳታለሁ... አደራ ያስቀመጠው ጀሪካን ይመስል። ኩፍኝ ሲይዛት የት ነበር? እሱ ዘርቶ ሄደ፣ ያረምኩት እኔ።
"ገና ናት" አልኩት። "ልጅ በአቅሟ ነው የምትማረው። አናጣድፋት።"
አመነኝ። መምህር አይደለሁ?

ጥር 19
ፈርሂያ ሱቅ ሳሙና ልንገዛ ሄድን። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ካርቶን ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው። ፈርሂያ አጨበጨበች።
"ማሻአላህ! ወላሂ እቴቴ፣ ይች ልጅ ጉድ ናት። አባቷ በሰማ!"
አባቷ በሰማ... እጇን ይዤ ወጣሁ። ሳሙናውንም ረሳሁት።

ጥር 20
ስንደዶዬን አነሳሁ።
"ይች ማናት?"
"መ።"
ልክ ነበረች።
"ተሳስተሻል" አልኳት።
ጎንበስ ብላ ድጋሚ አየቻት። "መ ናት እኮ፣ እቴቴ።"
"መምህሯ እኔ ነኝ አንቺ?"
ፊደሏን በጣቷ ነካቻት። ከዚያ ቀስ ብላ "ሰ?"
"እሱም አይደለም።"
አለቀሰች። ዳቦ ላይ ማር ቀብቼ ሰጠኋት። ክፉ ነኝ? ልጇን ሲነጥቋት ዝም የምትል ማን ናት? እሷን ወስደው ለእኔ ምን ሊተዉልኝ ነው... ግድግዳውን?

የካቲት 2
ቀላል ነው። ሁለቱን ልክ ስትል ሦስተኛውን ስህተት እላታለሁ። ሁሉንም ስህተት ብላት ትነቃብኛለች። ድሮ ፊደል ገበታውን ከግድግዳ የምታወርደው ራሷ ነበረች። ዛሬ አውርጂ ስላት ሆዴን አመመኝ አለች።

የካቲት 9
ሀን ጠየቅኳት። ሀን! ፊደሏን ትታ ፊቴን አየች።

የካቲት 17
መንገድ ተከፈተ፣ በፍቃዱም ራሱ ሊያያት መጣ። ብርቱካንና አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞ። ቦርሳውን አንግታ ቤቱን ዞረችው። ከዚያ መጽሐፍ ከፈተላት።
"ይችን አንብቢልኝ፣ የኔ እመቤት።"
"ቤት" የምትል ቃል። እንደምታውቃት አውቃለሁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ... ወደ እኔ ዞረች። ቅንድቤን ብቻ ሰበሰብኩ።
"አላውቅም" አለች።
"ይችንስ?"
"አላውቅም።"
መጽሐፉን ዘጋው። "እትዬ፣ ጭንቅላቷ ደህና ነው? እንዲህ ያለች ደደብ ይዤ ሄጄ ለሚስቴ ምን ልበላት?"
እየሰማች።
"ሁሉም ልጅ እኩል አይደለም፣ ወንድሜ" አልኩት። እኔም፣ እየሰማች።
ሲወጣ ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረደ። ደሴ ላለው ታናሽ ወንድሟ ይሆናል ብሎ። እሷም እጇን ከማንገቻው አውጥታ አቀበለችው።

መጋቢት 6
አሁን የሚወስዳት የለም። በደንብ ላስተምራት አልኩ፣ የእውነቱን። ፊደሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።
"ይችስ፣ እድልዬ?"
በሹክሹክታ፣ "መ።"
"ልክ ነሽ! ጎበዝ!"
ፊቴን አየች። "ሰ" አለች።
"አይ፣ ልክ ነበርሽ። መ ናት።"
"ረ።"
"እድልዬ፣ መ ናት እያልኩሽ..."
"አትቆጪ፣ እቴቴ። እኔ ደደብ ነኝ።"
አላለቀሰችም። ስሟን እንደምትናገር ነው ያለችው። ምሳ ሳቀርብ ልብላ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብዪ አልኳት። አንዴ ጎርሳ እንደገና ጠየቀችኝ።