ድንጋዩን እንጂ ብረቱን አልዘጋችሁም

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሂ፦

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ሥራህስ እንዴት ነው? ያ የክረምት ሳል ለቀቀህ ወይ? ፋድማና ሕፃኑስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

ጀልባው ተሸጠ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በወደባችን ግድግዳ ላይ አራት ቢጫ ተንሳፋፊዎች መተከላቸውን ጽፌልህ ነበር። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጋቸው የብረት ክንዳቸው ትንንሽ ጄኔሬተሮችን ያሠራል፤ ከዚያ የሚመጣው መብራት የበረዶ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል። በረዶ ከሌለ ዓሣውን ሳይሸት ነጋዴው በጠራው ዋጋ ማስረከብ ነው፤ አንተም ቀምሰኸዋል። አባባ በሰው ፊት፣ "እስከ መውሊድ የማይቋረጥ በረዶ ካላየሁ ጀልባዬን ሸጬ ወደ ልጄ እሄዳለሁ" አሉ። የእሳቸው ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድ ሠራ። ኋላ ግን ክንዶቹ እየከበዱ ሄደው ማሽኑ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይሰጠን ጀመር። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ባሕሩ ሰነፈ አለ። ተንሳፋፊዎቹን የተከለው ኢንጂነር በስልክ፣ "ዛጎል በቅሎባቸው ነው የከበዱት፤ ፋቁት" አለን። እንዴት ተደርጎ! የምንበላው ጥቁር ዛጎል እንዲራባ ሽማግሌዎች የሚለቀምበትን የባሕር ዳር ድንጋይ ከዘጉት ገና ሁለት ወሩ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ቢላ የሚያነሣ የለም። አባባ ራሳቸው "ዝግ ዝግ ነው" ብለው ጀልባውን ቀለም መቀባት ጀመሩ፤ ለገዢ መሆኑ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት እናታችን ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ወደቡ ወረደች። ሽማግሌዎቹ "ኢጃ፣ አብደሻል እንዴ?" ቢሏት፣ "የዘጋችሁት ድንጋዩን ነው፤ ብረቱን መቼ ዘጋችሁ? ደግሞ ስትዘጉ እንጂ አንድ ቀን ስትለቅሙ አይቻችሁ አላውቅም!" አለቻቸው። እኛም ሴቶቹ ተከትለናት ክንዶቹን ወደ ላይ አሥረን ሰባት ቅርጫት ፋቅን። መንደሩ ሁሉ ቀቅሎ በላ፤ ሽማግሌዎቹማ ጨምሩልን አሉ።

መውሊድ ሳይደርስ፣ በሦስተኛው ቀን በረዶው ወጣ። ነጋዴው እንደ ልማዱ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ "ቶሎ በሉ፣ ይሸታል!" አለ። አባባ ሳጥኑን ከፍተው በረዶውን አሳዩትና "ተቀመጥ ልጄ፣ ሻይ ጠጣ። ዛሬ ዓሣው አይቸኩልም" አሉት።

እናታችን ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ ብላለች፤ ለፋድማም የደረቀ ዛጎል ልካለች። አክስታችን ሰላም ብላሃለች። አባባ ደግሞ እንዲህ በይው ብለውኛል፦ "ጀልባው አልተሸጠም፤ ቀለሙም አምሮበታል። እኔ አልመጣም። መቅዘፊያው የሁለት ሰው ስለሆነ እሱ ይምጣ።"

እህትህ ቱዳ
ታግዚርት ወደብ፣ ከሲዲ ኢፍኒ በታች
መስከረም 23 ቀን