እሳት ትተው የማይሄዱት እትዬ ጠብታ

ዛሬ የምንሰናበታቸው እኅታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ዛሬ ሱቃቸው ባለበት ክፍል ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደደረሱ አባታችን ታመሙ፤ እሳቸውም ትምህርቱን ትተው የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጡ። እኛን ታናናሾቻቸውን ያስተማሩን በዚያ መኪና ነው።

በሃያ አራት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ደግ ሰው ናቸው። ትዕግሥት ሲታደል ግን አልነበሩም፤ እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

እኅታችን አርባ ዓመት ሲሞላቸው የእንፋሎት ካውያቸው የሙሽራ ነጭ ቀሚስ ላይ ዝገት ተፋ። ቀሚሱን እንደ አዲስ ሰፍተው አስረከቡ፤ ሙሽራዋ ግን አልቅሳ ነበር፣ ይህ አላስተኛቸውም። ጥፋቱ የቧንቧው ውኃ መሆኑን ሲረዱ፣ ውኃውን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ንጹሕ ውኃ የሚመልስ ዕቃ ከአሮጌ ድስትና ከመዳብ ቱቦ ሠሩ። በመጀመሪያው ሙከራ ቱቦው ታጥፎ ኖሮ ድስቱ ያፏጭ፣ ክዳኑ ይዘል ጀመር። እሳቱን አጥፍተው ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን፤ በደንብ እስኪቀዘቅዝም አልነኩትም። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ክፍት መሆኑን በአፋቸው ነፍተው ሳያረጋግጡ አይለኩሱም፤ ለኩሰውም ከአጠገቡ አይነሡም። በየሙከራው የሚቀይሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሁለት ከቀየርኩ የትኛው እንደሠራ በምን አውቃለሁ?» ይሉ ነበር።

ጎረቤቱ ግን መጠጥ ያወጣሉ ብሎ አመነ። አመሻሽ ላይ ባዶ ጠርሙስ በብብቱ ሸሽጎ ብቅ የሚለው በዛ። ለእያንዳንዱ ከቱቦው ጠብ ጠብ ያለውን ጣዕም የሌለው ውኃ አንድ ብርጭቆ ቀዱለት። «እትዬ ጠብታ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እሳቱን እንዲጠብቁ አደራ ተሰጥቷቸው ኳስ ሊያዳምጡ ወጡ፤ ድስቱ ደርቆ ቂጡ አረረ። እኅታችን ዳግመኛ አላስነኳቸውም። ሾፌሩ ክልከላውን በሳቅ ይቀበሉት እንጂ ከንክኗቸው ኖሯል።

ከሁለት ዓመት በፊት የእኅታችን ሳንባ ታመመ፤ ቤት የገባው የኦክስጅን መሣሪያም የተጣራ ውኃ የሚፈልግ ሆነ። ልጆቻቸው እኛ እንሥራ ሲሉ «አባታችሁ ይሥራ» አሉ። ሾፌሩም ወንበራቸውን ከዕቃው አጠገብ ተከሉ። ከአልጋው «አለህ?» ሲባል፣ ከወዲያኛው ክፍል «አለሁ!» ይሰማ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ትልቋ ልጅ ስትጣራ ሾፌሩ መጀመሪያ እሳቱን አጠፉ፤ ከዚያ ሮጡ። በሕይወት ደረሱባቸው። እኅታችን «እሳቱስ?» አሉ። «አጥፍቼዋለሁ» አሏቸው። እጃቸውን ያዙ፤ እኅታችንም በስልሳ ስድስት ዓመታቸው በዚያው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያኑርልን፤ ለሾፌራችንም መጽናናቱን ይስጥልን። እትዬ፣ እሳቱ ጠፍቷል፤ ይረፉ።